የላንድሮቨሩ ብሎኖች፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

የአጎቴ ላንድሮቨር ሲሪስ ሦስት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 እንግሊዝ አገር ሲመረት የነበረው፣ ረጅሙ ባለ 109 (ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 109 ኢንች)። ቅሬታው የቆየ ነው። በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ከወለሉ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ ደግሞ «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል። አንድ ጋራዥ ክሮቼራውን፣ ማለትም የሻፍቱን መስቀለኛ መገጣጠሚያ፣ ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ጎማዎቹ ባላንስ ተደረጉ፤ ለውጥ የለም። አጎቴ «ዕድሜዋ ነው፣ ተዋት» ብለው ነበር።

የኋላውን በክሪክ አንሥቼ፣ በወፍራም ካቫሌቶ አስደግፌ ሥሩ ገባሁ። ፕሮፔለር ሻፍቱን (ጉልበት ወደ ኋላ ጎማዎች የሚወስደውን ዘንግ) ይዤ ወዲህ ወዲያ ሳዞረው ክሮቼራው ፀጥ ያለ ነው፤ አዲስ ነው፣ ግራሶውንም ጠጥቷል። የሚላወሰው ሻፍቱ ከዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ከሚያከፋፍለው) ጋር የሚጋጠምበት ፍላንጅ፣ ማለትም ባለ ቀዳዳው ጠፍጣፋ ፊት፣ ነው። እዚያ አራት ብሎኖች አሉ። ሦስቱን በ13 ቁልፍ ፈታኋቸው። አራተኛውን ግን 14 አልገባለትም፣ 15 ደግሞ ዙሪያውን ይንሸራተታል። ከእኔ በፊት የነካው ሰው በ15 ታግሎ ማዕዘኖቹን ልጧቸዋል።

እዚህ ላይ ቆሜ አሰብኩ። 14 የማይገባለት፣ 15 የሚዞርበት ጭንቅላት የሚሊ ሜትር ብሎን አይደለም። የ9/16 ኢንች ቁልፍ 14.29 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጎረቤት የተዋስኩት የ9/16 ቡሶላ ልክ ገባለት። ይህ ብሎን መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የወጣው ነው። ሦስቱ የ13 ብሎኖች ግን ኋላ ላይ የመጡ እንግዶች ናቸው።

ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) አገባሁባቸው፤ ቁጥሩ በሚሊ ሜትር ነው። የድሮው 9.45፣ እንግዶቹ 7.85። ቀዳዳው ራሱ 9.6። ስለዚህ ሦስቱ ብሎኖች በቀዳዳው ውስጥ ወደ 1.75 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ክፍት ቦታ ነበራቸው ማለት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ጭንቅላታቸው ላይ የተጻፈው የጥንካሬ ቁጥር 4.8 ነው፤ ደካማ። የአልጋ ብሎን በሉት።

የዚህ ዓይነት ፍላንጅ ጉልበት የሚያስተላልፈው በዋናነት ብሎኖቹ ሁለቱን ፊቶች አጣብቀው በመያዛቸው ነው፤ መጨበጡ ሲላላ ፊቶቹ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ወደ አንዱ ወገን፣ በተለቀቀ ቁጥር ወደ ሌላው። «ቋ» የሚለውም እሱ ነው። ክሮቼራ ቢቀየር ምን ሊፈይድ!

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ዛሬ መፍታት የለም፣ መለካት ብቻ። ከመኪናው የወጡትንና አጎቴ በቆርቆሮ ጣሳ ያጠራቀሟቸውን ብሎኖች በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኳቸው።

እኛ አገር ብሎን የሚጠራው በቁልፉ ነው። «የ13 ብሎን አምጣ»፣ «የ17 ዳዶ አለህ?» እንላለን፤ ባለሱቁም ያንኑ ይሰጣል። ከብሎን ላይ ከሚለኩት ነገሮች ሁሉ ግን የማይታመነው የጭንቅላቱ ስፋት ነው። የ10 ሚሊ ሜትር ብሎን በድሮው የጀርመን ልክ በ17 ቁልፍ ይፈታል፣ በአዲሱ ዓለም አቀፍ ልክ በ16፣ በጃፓን መኪኖች ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በ14። አንድ ዓይነት ብሎን፣ ሦስት ቁልፍ። በተቃራኒው የ13 ቁልፍ 8 ሚሊ ሜትሩን ብሎንም የ5/16 ኢንቹንም ይፈታል፤ የ5/16ቱ ጭንቅላት 1/2 ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 13 ትንሽ ላላ ብሎ ይይዘዋል። «የ13 ብሎን» ብሎ መግዛት ከሁለቱ የትኛው እንደሚደርስህ ሳታውቅ መግዛት ነው።

ሰው ከዚህ ሲያልፍ ወደ ውፍረት ይሄዳል። እሱም ብቻውን አያድንም። የብሎን ጥርስ ጫፉ ሁልጊዜ ከስሙ ትንሽ ያንሳል፤ ኤም 8 የሚባለው የ8 ሚሊ ሜትር ብሎን በካሊፐር 7.8 ወይም 7.9 ያሳያል። የ5/16 ኢንች ብሎን ስሙ 7.94 ነው፤ በካሊፐር ሲለካ እሱም 7.8፣ 7.9። ካሊፐሩ ብቻውን እነዚህን ሁለቱን ሊለይ አይችልም። 10 ሚሊ ሜትርና 3/8 ላይ ይሻላል፤ አንዱ 9.8 ገደማ፣ ሌላው 9.45 ገደማ ስለሆነ ይለያያሉ።

የሚለየው ጥርሱ ነው። የጥርስ መለኪያ ማበጠሪያ የለኝም፤ አያስፈልግምም። የካሊፐሩን አንድ ጫፍ በአንዱ ጥርስ አናት ላይ አድርጎ አሥር ክፍተት ቆጥሮ አሥራ አንደኛው አናት ላይ ማንበብ ነው። አንድ ክፍተት ብትለካ የእጅህ መንቀጥቀጥ ያሳስትሃል፤ አሥር ስትለካ ስሕተቱ ለአሥር ይካፈላል። 7.85 ያሳዩትን ብሎኖች በዚህ ስለካቸው በአራት ወገን ተከፈሉ።

አሥሩ ክፍተት 12.5 የሆነው ኤም 8 ነው፤ የጥርሱ ርቀት 1.25። 14.1 የሆነው 5/16 ወፍራም ጥርስ፣ በኢንች 18። 10.6 የሆነው 5/16 ቀጭን ጥርስ፣ በኢንች 24። ከጣሳው ሥር ደግሞ 11.5 የሚል አንድ ወጣ፤ በኢንች 22 ጥርስ። ይሄኛው የሌላ ዘመን ነው፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

የፍላንጁ የድሮ ብሎን ውፍረቱ 9.45፣ አሥሩ ክፍተት 10.6 ነው። ስለዚህ 3/8 ኢንች፣ በኢንች 24 ጥርስ፣ ዩ ኤን ኤፍ የሚባለው ቀጭኑ የኢንች ልክ። ጥርጣሬ ካለ ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የታወቀውንና ያልታወቀውን ብሎን ጥርስ ለጥርስ አጋጥሞ ወደ መስኮት ማዞር። በመካከላቸው ብርሃን ካልታየ አንድ ናቸው፤ ከሦስት አራት ጥርስ በኋላ መገፋፋት ከጀመሩ ይለያያሉ። ዳዶ አስገብቶ መሞከርም አለ፤ ግን በእጅ ጣት ብቻ። የማይመሳሰል ዳዶ ለሁለት ዙር ያህል ደህና ሄዶ ነው የሚነክሰው፤ ቁልፍ ከተያዘ ያኔ ይገባል፣ ጥርሱን እየበላ።

በኢንች ስለተለኩት ሦስት ወገኖች ትንሽ ልበል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 የጥርስ ልክ አንድ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ፤ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ ነበር። አሜሪካኖች የራሳቸውን በ60 ዲግሪ ሠሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአንዱ አገር ብሎን ለሌላው አገር ማሽን አልገጥም እያለ ብዙ ካስቸገረ በኋላ አሜሪካ፣ እንግሊዝና ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1948 በ60 ዲግሪው ላይ ተስማሙ። ዩ ኤን ሲ ወፍራሙ፣ ዩ ኤን ኤፍ ቀጭኑ የመጡት ከዚያ ነው። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየውም በዚያው በ1948 ነው፤ ስለዚህ የመኪናው አካል የአዲሱንም የአሮጌውንም ልክ ተሸክሞ ኖሯል፤ በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ ሚሊ ሜትር ተጨመረበት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

መርካቶ። ለብሎን ብለው ከሥራ ሰዓት ቀንሰው የሚሄዱ ሰዎች እንዳሉ ለማመን የቢሮ ጓደኞቼ ተቸግረዋል።

የመጀመሪያው ሱቅ፦

«ብሎን ፈልጌ ነበር።»

«ስንት ቁልፍ?»

«ቁልፉን ተወውና ሦስት በስምንት ኢንች፣ ቀጭን ጥርስ፣ ርዝመቱ አንድ ተኩል ኢንች።»

«ወንድሜ፣ አሥር አለልኝ። አሥር ውሰድ። ቀዳዳውን ትንሽ ብታሰፋው ይገባል።»

ይህ ምክር መጥፎ አይደለም፤ ለበር፣ ለአጥር፣ ለጋሪ ቢሆን እኔም እቀበለው ነበር። የሻፍት ፍላንጅ ግን በእጅ ትራፓኖ የሚሰፋ ነገር አይደለም፤ ቀዳዳዎቹ ከመሃሉ እኩል ርቀት ላይ መቆየት አለባቸው። አንዱ ወደ ጎን ከሸሸ ሌላ ንዝረት ገዛሁ ማለት ነው።

ሁለተኛው ባለሱቅ የማይዝገውን ነጭ ብሎን አወጣልኝ። «ይሄ ዕድሜ ልክህን ነው» አለ። ጭንቅላቱ ላይ ኤ2-70 ይላል። የማይዝግ ማለትና ጠንካራ ማለት አንድ አይደሉም። 70 የሚለው ቁጥር የሚበጠስበት ጉልበት 700 ሜጋፓስካል ነው ማለት ነው፤ 8.8 የተባለው ተራ ጥቁር ብሎን 800 ነው። ሳይበጠስ ተለጥጦ የሚቀርበት ነጥብ ላይ ልዩነቱ ይሰፋል፤ 450 ለ640። የማይዝግ ብሎንና የማይዝግ ዳዶ ደግሞ ደረቁን ሲጠበቁ ጥርስ ለጥርስ ተናክሰው የመቆለፍ ጠባይ አላቸው። ለመታጠቢያ ቤት ግሩም ነው፤ ለፕሮፔለር ሻፍት አልወስደውም።

የቁጥሩን ነገር ለማያውቅ፦ 8.8 ላይ የመጀመሪያው 8 በ100 ሲባዛ የሚበጠስበትን ይሰጣል፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው 8 ከዚያ ውስጥ ስንት አሥረኛው ላይ መለጠጥ እንደሚጀምር። 10.9 ማለት 1000፣ ከዚያ 900። የኢንች ብሎኖች ቁጥር የላቸውም፤ ጭንቅላታቸው ላይ መስመር ነው ያለው። ባዶ ከሆነ ደካማው፤ ሦስት መስመር ከሆነ ግሬድ 5፣ ከ8.8 ጋር የሚቀራረብ፤ ስድስት መስመር ከሆነ ግሬድ 8፣ ከ10.9 ጋር የሚቀራረብ። ሌላም የማየው አለ፤ ከጥንካሬው ምልክት ጎን የአምራቹ ፊደል ወይም ምልክት መኖር አለበት። 8.8 ብቻ ተጽፎበት የማን እንደሆነ የማይናገር ብሎን ከፍላንጅ ላይ አላስርም። ማን እንደሠራው ያልጻፈ ሰው ቁጥሩንም እንዲሁ ሊጽፈው ይችላል።

ሶማሌ ተራ ዞርኩ። አሮጌ የላንድሮቨር ዕቃ ያላቸው አሉ፤ የሻፍት ብሎን ግን ያገለገለ ነው የሚሸጡት። ያገለገለ ብሎን አንገቱ ላይ ቀጥኖ እንደሆነ ካሊፐር ይናገራል፤ በውስጡ የደከመውን ግን የሚናገር የለም። አልወሰድኩም።

መፍትሔው የመጣው ከትራክተር መለዋወጫ ሻጭ ነው። ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው፤ የድሮዎቹ ማሴ ፈርጉሰን ትራክተሮች እንግሊዝ አገር የተሠሩት በዚያው በዩ ኤን ሲና በዩ ኤን ኤፍ ነው። የካተርፒላር ማሽኖችም በኢንች ብሎን የታሰሩ ናቸው። የመኪና ሱቅ «የለም» ያለውን የትራክተርና የከባድ ማሽን ሱቅ በመደርደሪያ አስቀምጦታል። 3/8፣ ቀጭን ጥርስ፣ ስድስት መስመር፣ የአምራች ምልክት ያለበት። እዚያው ቆሜ ለካሁ፤ ሻጩ በትዕግሥት ጠበቀኝ፣ ከዚያም «መሐንዲስ ነህ?» አለኝ። አይደለሁም።

ርዝመቱ ላይ ትንሽ ነገር አለ። ሁለቱ ፍላንጆች ውፍረታቸው ሲደመር 17 ሚሊ ሜትር ነው። ፕላስቲክ ቀለበት ያለው ዳዶ 11.6 ገደማ። ከዳዶው በላይ ሁለት ጥርስ መውጣት አለበት፣ 2 ሚሊ ሜትር። ድምሩ ከ31 አያልፍም፤ የአንድ ከሩብ ኢንች ብሎን 31.75 ስለሆነ ልክ ይሆናል። ግን የተለመደው የ3/8 ብሎን ከጫፉ አንድ ኢንች ያህል ጥርስ ነው፤ ከአንድ ከሩብ ኢንቹ ላይ ጥርስ የሌለው ለስላሳ አንገት የሚተርፈው 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሁለቱ ፍላንጆች የሚጋጠሙት ደግሞ 8.5 ላይ ነው። መቁረጥ የሚመጣበት ቦታ ላይ ጥርስ ይሆናል ማለት ነው፤ ጥርስ ያለበት ቦታ ቀጭን ነው፣ እያንዳንዱ ሸንተረርም የስንጥቅ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ የአንድ ተኩል ኢንቹን ገዛሁ። አንገቱ 12.7 ነው፤ መጋጠሚያውን አልፎ ይሄዳል፣ ግን ከ17 በፊት ስለሚያልቅ ዳዶውን አያግደውም። ትርፉን ከጭራው እቆርጣለሁ።

ብሎን ሲገዛ ርዝመቱ የሚለካው ከጭንቅላቱ ሥር ነው፤ ጭንቅላቱ በላሜራ ውስጥ የሚሰምጠው ዓይነት ብቻ ነው ከነጭንቅላቱ የሚለካው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ብሎኖቹን አሳጠርኩ። ሞርሳ ላይ ከማሰሬ በፊት ተራ ዳዶ አስገባሁባቸው፤ በሴጌቶ ተቆርጦ ጫፉ በሞረድ ከተዘረጠጠ በኋላ ዳዶው ሲወጣ የተበላሸውን የመጀመሪያ ጥርስ ያቃናዋል። በፍሌክስ ድንጋይ መቁረጥ ይፈጥናል፤ ብሎኑ ግን በሙቀት ታክሞ ነው የጠነከረው፣ ሰማያዊ እስኪሆን ማጋል አልፈለግሁም።

ሞረዱ ራሱ የሚናገረው ነገር ነበር። ለማወዳደር ከእንግዶቹ አንዱን 4.8 ሞረድኩት፤ ሞረዱ እየነከሰ ረጅም ፍርፋሪ አወጣ። ግሬድ 8 ላይ ያው ሞረድ ይንሸራተታል፣ ድምፁም ቀጭን ነው፤ የሚወጣው ዱቄት ነው። ይህ መለኪያ አይደለም፣ ግን ምልክቱ ውሸት ከሆነ ቶሎ ያሳብቃል።

በወረቀት ሳሰላው የነበረው ሁኔታ ያስቃል። ኤም 8 ጉልበት የሚሸከምበት ስፋት 36.6 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ የ3/8 ቀጭን ጥርስ 56.6 ነው። የጥንካሬው ልዩነት ሲጨመርበት ያ 4.8 ብሎን መለጠጥ ሳይጀምር ሊይዝ የሚችለው ግሬድ 8 ከሚይዘው ሩብ እንኳን አይሞላም። ከአራቱ ሦስቱ እንደዚያ ነበሩ።

የፍላንጁን ፊቶች በሽቦ ብሩሽ አጸዳሁ፤ ቀለም፣ ዝገትና አሮጌ ግራሶ ነበረባቸው። በሁለት ፊቶች መካከል የተጨበጠ ቀለም ከጊዜ በኋላ እየተፈረፈረ ብሎኑን ያላላል። ቀዳዳዎቹን በሁለት አቅጣጫ ለካሁ፤ ሦስቱ 9.6 እና 9.7፣ አንዱ ወደ ጎን 9.9 ተለጥጧል። 9.9ኙ ያሳስበኛል፤ አሁን ግን ያልፋል፣ መጨበጡ በቂ ከሆነ።

የተጠመዘዘች የስፕሪንግ ሮንዴላ እዚህ አላስገባሁም። ብዙ ሰው ይጣላኛል፤ እኔ ግን ብሎኑ በደንብ ሲጠብቅ እሷ ተደፍጥጣ ተራ ሮንዴላ እንደምትሆን ነው የማየው፤ በደንብ ካልጠበቀ ደግሞ እሷ አታድነውም። ፕላስቲክ ቀለበት ያለው ዳዶ ይሻለኛል፤ አንድ ጊዜ ከተፈታ በአዲስ ይተካል። ከጭስ ማውጫው አጠገብ ግን እሱም አይሆንም፤ ፕላስቲኩ ከ120 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይሟሽሻል። የዳዶው ጥንካሬም መታየት አለበት፤ ጠንካራ ብሎን በደካማ ዳዶ ቢታሰር የሚላጠው የዳዶው ጥርስ ነው።

በመስቀለኛ ተራ በተራ፣ መጀመሪያ በግማሽ ጉልበት፣ ከዚያ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ጉልበት በሚለካው ቁልፍ) 47 ኒውተን ሜትር። አጎቴ ሥሬ ቁጢጥ ብለው ሲያዩ ቆዩና «ይሄ ሁሉ ለአራት ብሎን?» አሉ።

«የፊተኛውም አራት አለው፣ ጋሼ።»

የፊተኛውን ዛሬ አልነካሁም፤ አየሁት፣ አራቱም የፋብሪካው ናቸው።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

የዲናሞው ማሰሪያ። ከሞተሩ አካል ጋር የሚያያዘው ብሎን ሁልጊዜ ይላላል ተብዬ ነበር፤ ቺንጊያውም ለዚህ ነው የሚጮኸው። በ13 ቁልፍ ፈታሁት፤ ሁለት ዙር ከሄደ በኋላ ከበደ። ጥርሱ መሃል ላይ ነጭ ሆኖ የተፋቀ ኤም 8 ወጣ። ቀዳዳው ግን 5/16 ወፍራም ጥርስ ነው። ውፍረታቸው አንድ ስለሚመስል ገብቷል፤ የጥርስ ርቀታቸው ግን 1.25 እና 1.41 ስለሆነ ሁለት ሦስት ዙር ላይ ነክሷል። ከዚያ የነከሰውን መጥበቅ ነው ብሎ ያሰበ ሰው በረጅም ሬንች ገፍቶ ጨረሰው። ጭንቅላቱ ጠብቋል፣ ማሰሪያው ግን አልተጨበጠም።

የባትሪ መብራት አስገብቼ ሳይ የተበሉት የላይኞቹ ጥርሶች ናቸው፤ የሥረኞቹ ደህና። ሞተሩ የተቀለጠ ብረት፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ነው፤ ቀዳዳውን አስፍቶ ሌላ ጥርስ ማውጣት ወይም የሽቦ ጥርስ ማስገባት ይቻላል፤ ግን ይህን ያህል ከቀረ ማቃናት ይበቃል። አዲስ ጥርስ ማውጫ ከማስገባት ይልቅ ከጣሳው ደህና የ5/16 ወፍራም ጥርስ ብሎን መረጥኩ፤ በሴጌቶ ከጫፉ ወደ ላይ በሦስት ጎን ሸንተረር ሰነጠቅኩበት፣ የሸንተረሩን ጠርዝ በቀጭን ሞረድ ሳልኩት። በናፍታ አርሼ በጣት ጀመርኩ። ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ፤ ፍርፋሪው ሸንተረሩ ውስጥ ይሰበሰባል። ይህ መሣሪያ አዲስ ብረት አይበላም፤ የነበረውን መንገድ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ እውነተኛ ጥርስ ማውጫ ሲሳት እንደሚያደርገው አዲስ መንገድ አይፈጥርም። ወደ መጨረሻው በጣት ብቻ ሄደ።

ርዝመቱን የወሰንኩት የካሊፐሩን የጥልቀት ዘንግ አስገብቼ ነው። ደህናው ጥርስ እስከ 22 ሚሊ ሜትር። ማሰሪያው 8፣ ሮንዴላው 1.6። አንድ ከሩብ ኢንች ብሎን ብወስድ 22.1 ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሥሩን ይመታል፤ እጅህ ጠበቀ ይልሃል፣ ማሰሪያው ግን ከሥር ይጫወታል። ከጭራው 3 ሚሊ ሜትር ቆረጥኩለትና 19 ገባ። ለተቀለጠ ብረት የብሎኑን ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 12 ገደማ፣ ይበቃል፤ ለአሉሚኒየም ሁለት እጥፍ እወዳለሁ።

ግሬድ 5 ነው ያስገባሁት እንጂ ግሬድ 8 አይደለም። ትርፉ በእጄ ነበር፤ ግን እዚህ ደካማው ቀዳዳው ነው። እጅግ ጠንካራ ብሎን ይዞ ሰው የሚያገኘው ጥቅም ቢኖር ጥርሱን ከሞተሩ የመንቀል ዕድል ነው። 23 ኒውተን ሜትር ላይ አቆምኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

የወለሉን ላሜራ አንሥቼ የማርሽ ሳጥኑን አየሁት፤ ያ በኢንች 22 ጥርስ የነበረው ብሎን ከየት እንደመጣ ተገኘ። ይህ የማርሽ ሳጥን ከቀድሞዎቹ የሮቨር የቤት መኪኖች የወረደ ስለሆነ የዊትዎርዙን ዘመን ብሎኖች ይዞ ቆይቷል። ምልክቱ እጅ ላይ ይታወቃል፤ 13 አይገባም፣ 14 ይዞራል፣ የ1/2 ኢንቹም አይገባም። የ5/16ቱ ጭንቅላት 0.525 ኢንች፣ 13.3 ሚሊ ሜትር ነውና። የእነዚህ ቁልፍ ላይ የሚጻፈው ደግሞ የጭንቅላቱ ስፋት ሳይሆን የብሎኑ ውፍረት ነው፤ 5/16 ቢ ኤስ ኤፍ (የዚያ ዘመን ቀጭን ጥርስ) የሚል ቁልፍ ይዘህ አፉን ብትለካው 13.3 ታገኛለህ። እኛ ከለመድነው በተገላቢጦሽ።

ምናለሽ ተራ አሮጌ መፍቻ በኪሎ ሊሸጥ ከተዘረጋበት ክምር ውስጥ ሁለት የዊትዎርዝ ቁልፎች አግኝቻለሁ፤ ሻጩ «የማይገጥም ቁልፍ» ብሎ ለብቻ ያስቀመጣቸው ናቸው። ቦታው ላይ ካሊፐር ስከፍት የከበቡኝ ልጆች ወርቅ የምመዝን መስሏቸው ነበር።

ማርሽ ሳጥኑ ላይ ያሉት ብሎኖች ደህና ስለሆኑ በዚያው ቁልፍ መጥበቃቸውን አይቼ ተውኳቸው። 55 ዲግሪውና 60 ዲግሪው በአንዳንድ ልክ ላይ ይገባባሉ፤ 3/8 ወፍራም ጥርስ በሁለቱም ዘመን በኢንች 16 ነው። ግድ ከሆነ ይያዛል። በአሉሚኒየም ቅርፊት ላይ ግን ጥርሱ የሚነካካው በጠባብ መስመር ብቻ ስለሆነ እኔ አላደርገውም።

የፊት ፓራፋንጎው ላይ ግን ሐሳቤ ሌላ ነው። አካሉ አሉሚኒየም ነው፤ ላንድሮቨር ሲጀመር እንግሊዝ ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ ብረት በራሽን ስለነበረ የተመረጠ ነው። ብሎኑ አልፎ በዳዶ የሚታሰርበት ቦታ ሁሉ፣ ጥርስ የወጣለት ቀዳዳ እስካልሆነ ድረስ፣ 5/16ቱን በኤም 8 ብተካው ማንም አይጎዳም። ነገ መንገድ ላይ ቢወድቅ አጎቴ ደብረ ብርሃን ላይ ከየትኛውም ሱቅ ይገዙታል። ዚንክ የተነከረ 8.8፣ ሰፊ ሮንዴላ፣ ከሥሩ ግራሶ። ግራሶው ለጥርሱ ብቻ አይደለም፤ ብረትና አሉሚኒየም እርጥበት መሃላቸው ሲገባ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል። የማይዝገው ብሎን እዚህም ቢሆን አሉሚኒየሙን የባሰ ይበላዋል፤ የመኪና ውበት የሚወዱ ልጆች የሚያደርጉትን አይቼ ነው የምናገረው።

የተተኩትን ዳዶዎች ጫፍ በቢጫ ቀለም ነክቻቸዋለሁ፤ ቢጫ ካየህ ሚሊ ሜትር፣ ካላየህ ኢንች። በሞተሩ ክዳን ውስጥም በማርከር ጽፌዋለሁ፤ ሻፍት 3/8 ቀጭን፣ ዲናሞ 5/16 ወፍራም፣ ማርሽ ሳጥን የድሮው።

ከሰዓት በኋላ ከቃሊቲ እስከ ዱከም በድሮው መንገድ ነዳናት። 50 አለፈ፣ 60 አለፈ። «ቋ» የለም። 70 ላይ ቀጭን ንዝረት አለ፤ እሱ ያ 9.9 ሚሊ ሜትሩ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል፣ ወይም የፊተኛው ጎማ። አጎቴ መሪውን በአንድ እጅ ይዘው ስለ ገብስ ዋጋ ሲያወሩ ነበር። ስመለስ ዳዶዎቹን ገና ትኩስ ሳሉ አልነካሁም፤ ከቀዘቀዙ በኋላ ቶርክ ሬንቹን አሳረፍኩባቸው፣ አራቱም ሳይንቀሳቀሱ ሬንቹ ጮኸ።

የቀረው፦ ለዲፈረንሻሉ ያገለገለም ቢሆን ቀዳዳው ያልተለጠጠ ፍላንጅ ሶማሌ ተራ ላይ መፈለግ፣ የዲናሞውን ቺንጊያ መቀየር፣ የጎማዎቹን ዳዶዎች ጥርስ መለካት። ከአምስቱ የግራው የኋላ ጎማ ዳዶዎች ሁለቱ ከሌሎቹ በቁልፍ ይለያሉ፤ ገና አልፈታኋቸውም።